እንሰቱ የጠጣው ወተት

«ጡት ማጥባት ተፈጥሯዊ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ማን እንደጻፈው አላውቅም። ጡት እንዳልነበረው ግን እርግጠኛ ነኝ። በሰፈራችን ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ፣ ከአንዲት ፈገግ ያለች እናት ሥዕል ሥር ተጽፏል። ሴትዮዋ ልጇን ታቅፋ የምታየው ልጇን አይደለም፤ ወረፋ የምንጠብቀውን እኛን ነው። እኔ ልጄን በማጠባባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ማንንም አላይም ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ጥርሴን እነክሳለሁ። የጡቴ ጫፍ ተሰነጣጥቆ ልጅቱ ከወተቱ ጋር ደም ትውጣለች፤ ከእኔ በላይ ግድግዳው ላይ ያለችው ሴት ትስቃለች።

የወለድኩት አርባን ካለፍኩ በኋላ ነው። ሰው ሁሉ «መቼ ነው?» ማለቱን ትቶ በአዘኔታ ትከሻዬን መዳበስ ጀምሮ ነበር። የምሠራው ቦንጋ ካሉት ቢሮዎች በአንዱ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ለውጥ የለውም፣ ስብሰባቸውም ግድግዳቸውም አንድ ነው። ከሥራ በተረፈኝ ጊዜ አነባለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ሰው የተስማማበትን ነገር እቃወማለሁ። እርጉዝ ሳለሁም ስለ ሕፃናት አመጋገብ ያላነበብኩት አልነበረም። ሌላ ሴት ልብስ ስታዘጋጅ እኔ ክርክር አዘጋጅቼ ጠበቅኩ።

ክርክሩን የሚፈልግ ሰው ቶሎ መጣ። አማቴ ከዋጫ ወዲያ ካለ መንደር ማር፣ ቅቤና ቡላ አስጭነው ሊያርሱኝ መጡ። በመጡበት ቀን ለጋ ቅቤ በጣታቸው ይዘው ወደ ልጅቱ አፍ ተጠጉ።

«አይሆንም እማማ፤ ስድስት ወር እስኪሞላት ከጡት ሌላ ምንም አይገባም፤ ውሃም ቢሆን» አልኩ።

«ባልሽ በቅቤ ነው ያደገው።»

«ለዚህ ነዋ የሚያንሸራትተው።»

ሳቁ። አማርኛቸው ዘግይቶ የመጣ፣ ከአፍ መፍቻቸው ከካፊኖኖ ጋር ተጣልቶ የሚታረቅ ነው፤ ቀልድ ግን አያመልጣቸውም። ቅቤውን ጣታቸው ላይ እንደያዙ የራሴ አናት ላይ ቀቡትና ወደ ጓዳ ሄዱ። አሸነፍኩ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቡላ ገንፎ እያገነፉ እስኪበቃኝ አበሉኝ፤ ሲበቃኝም ደግሞ አበሉኝ።

ከገንፎው ይሁን፣ ከዕድሉ፣ አንድ ቀን ወተቱ ወረደ። ጡቴ አጋተ። ልጅቱ ያዘችው፤ ጉሮሮዋ ውስጥ «ግው፣ ግው» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ቡጢዋ ቀስ እያለ ተፈታ። ስለ እናትነት የሚጻፈውን ማር የተቀባ ነገር ሁሉ እጠላለሁ፤ አሁንም እጠላለሁ። ነገር ግን ያየሁትን አልክድም። በሕይወቴ ሙሉ በየሄድኩበት ትርፍ ሰው እንደሆንኩ ይሰማኝ ነበር። ያለ እኔ ስብሰባው ይካሄዳል፣ ያለ እኔ ጽሑፉ ይጻፋል። ያለ እኔ የማይሆን ነገር ያገኘሁት እዚያ ድምፅ ውስጥ ብቻ ነው።

የወሊድ ፈቃዴ አለቀ። ቢሮው ሕፃን ይዞ መግባት አያስችልም፤ ቤቴም እየተመላለስኩ እንዳጠባ ቅርብ አይደለም። ባለቤቴ ሺሺንዳ ነው የሚሠራው፣ በቡና ግዢ፤ የሚመጣው ቅዳሜ ነው። አንድ ቅዳሜ ጅማ ከሚመላለስ ጓደኛው ያስገዛውን በእጅ የሚጨመቅ የጡት ፓምፕ ይዞልኝ መጣ። ቢሮ ውስጥ የተሰበሩ ወንበሮች የሚከማቹበት ክፍል ቁልፍ ተሰጠኝ። በዚያ ክፍል አንድ ጥግ ባነር ተጠቅልሎ ቆሟል፤ በየዓመቱ ተዘርግቶ ግቢው በር ላይ የሚሰቀል፣ የእናት ጡት ወተት ለሕፃናት ያለውን ጥቅም የሚያበስር ባነር። እኔ አንድ እግሩ በጎደለ ወንበር ላይ ሚዛኔን ጠብቄ ተቀምጬ አልባለሁ፤ እሱ ተጠቅልሎ ይጠብቃል።

ስወጣ ኮሪደር ላይ የሚቆም አንድ ባልደረባዬ አለ።

«እትዬ፣ የዛሬው ምርት እንዴት ነው?»

«ለአንተ የሚተርፍ የለም።»

«ቡናችን ኤክስፖርት ከሚደረግ ይሄ ይሻል ነበር» ይላል፤ ሌሎቹ ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ። የማይስቅ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ቁልፍ አይሰጠውም።

ወተቱን በጠርሙስ አድርጌ፣ ጠርሙሱን ጁስ ቤት ከለመንኩት በረዶ ጋር ፔርሙስ ውስጥ ከትቼ፣ ባጃጅ ውስጥ ጭኔ መሐል አጥብቄ ይዤ እመለሳለሁ። ማታ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ጠዋት ለአማቴ ደግሜ እነግራቸዋለሁ፦ ጠርሙሱን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከር፣ ከዚያ በንጹሕ ኩባያ፣ ቀስ እያሉ።

«እሺ» ይላሉ።

በእኛ አገር «እሺ» ማለት ወሬው ይብቃ ማለት ነው። ማታ ስመለስ ግን ጠርሙሶቹ ታጥበው ተደፍተው አገኛቸዋለሁ። ባዶ ጠርሙስ አይቼ እንዲህ የምደሰት ሰው እሆናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ያን ክፍል፣ ያን ወንበር፣ የኮሪደሩን ሳቅ ሁሉ ከባዶ ጠርሙስ ጋር አመዛዝኜ «ይገባል» እል ነበር።

ከዚያ ልጅቱ መክሳት ጀመረች። መጀመሪያ ጭኗ ላይ ያለው እጥፋት ጠፋ። ቀጥሎ ተቅማጥ መጣ። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ሲስተሯ መዘነቻት፣ ሆዷን ነካካች፣ አፏን አየች።

«ምን ትወስዳለች?»

«የእኔን ወተት ብቻ። ቢሮ ስሆን አልቤ አስቀምጣለሁ።»

«ብቻ?»

«ብቻ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ሁሉም እናት ‹ብቻ› ነው የምትለው» አለች።

ተሰደብኩ። ያነበብኩትን ልዘረዝርላት ጀመርኩ። ከኋላዬ ያሉት ሴቶች በትዕግሥት አዳመጡኝ፤ ግድግዳው ላይ ያለችውም ጭምር።

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን መብራት ጠፋና ስብሰባ ተሰረዘ። በምሳ ሰዓት ወደ ቤት ሄድኩ። ዘንቦ ስለነበር የፊት በሩ ጭቃ ነው፤ በጓሮ ዞርኩ። አማቴ ልጅቱን አዝለው ጓሯችን ካሉት እንሰቶች መካከል በትልቁ ሥር ቁጢጥ ብለዋል። በእጃቸው ጠርሙሴ አለ። ወተቱን ቀስ እያሉ፣ አንዲት ጠብታ ወደ ውጭ እንዳትረጭ እየተጠነቀቁ፣ ግንዱ ሥር ያፈሱታል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«እማማ! ምን እያደረጉ ነው?»

አልደነገጡም። ጠርሙሱን አንጠፍጥፈው ጨረሱ። «ቆይ። እዚህ አይጮኽም» አሉ።

ቤት ገብተን ጮኽኩ። የልጄን ምግብ፣ ለስንት ጊዜ፣ ምን ሲሰጧት ነበር? የጎረቤት ላም ወተት ነው አሉ፣ በውሃ አቅጥነው። በውሃ የቀጠነውም እንዳይከብዳት ብለው ነው። ያላሉትን ሁሉ ነገር እየመለስኩ፣ ያላቀረቡትን ክርክር እያፈረስኩ ጮኽኩ። እሳቸው ልጅቱን ከጀርባቸው አውርደው ታቀፏት።

«ላም ነው የሚታለበው። አንቺ ላም ነሽ?» አሉ።

«ሰውም ይታለባል! የእኔ ወተት እኮ ነው!»

«ሰው የሚታለበው ልጁ ሲሞት ነው።»



እየቆራረጡ ነገሩኝ። እሳቸው ባደጉበት፣ ሴት ጡቷን ወደ ዕቃ የምታልበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ልጇ ሞቶ ጡቷ አግቶ ሲያማት። ያንን ወተት እግር በማይረግጠው እንሰት ሥር ታፈሰዋለች፤ ጡቷ ሳይቆጣ እንዲተዋት። ልጁ በሕይወት እያለ ከታለበ፣ ዕቃው ልጁን ይጠራዋል። እሳቸውም አልበው ያውቃሉ። ከባለቤቴ በፊት ሴት ልጅ ነበረቻቸው።

«ባልሽ አያውቅም። ማን ይነግረዋል?» አሉ። «አንቺ በየቀኑ በጠርሙስ ይዘሽ ትመጫለሽ። እኔ በየቀኑ የልጅሽን ወተት እቀብራለሁ። ልጅቱን እንዳይጠራት።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ መጽሐፍ ታመጪብኛለሽ።»

እውነታቸውን ነው፤ አመጣ ነበር። እዚህ ላይ አንባቢ እንድለሰልስ፣ የአሮጌ ሰው ጥበብ አለ እንድል እየጠበቀ ይሆናል። አልልም። አማቴ ተሳስተዋል። ያን ቀን ተሳስተው ነበር፣ ዛሬም ተሳስተዋል፤ በውሃ የቀጠነ የላም ወተት ልጄን አክስቷታል። ግን ምን ልበላቸው? ያለኝ ክርክር ሁሉ ስለ ወተት ነበር። እሳቸው ደግሞ ስለ ወተት እየተናገሩ አልነበረም።

ባለቤቴን ደወልኩለት። ከኋላው የመኪና ጥሩምባ ይሰማል።

«እናቴ እኮ ስንት ልጅ አሳድጋለች» አለ።

ያላሳደጉትን ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። የእኔ ወሬ አይደለም።

«ሥራሽን ለጊዜው ብታቆሚስ?» አለ ቀጥሎ።

«አንተ ለምን አታቆምም?»

«እኔ ምን ላጠባት?» አለና ሳቀ። ኔትወርኩ ተቋረጠ፤ ወይም ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። የዓመት ፈቃድ ጠየቅሁ፤ የተሰጠኝ ጥቂት ቀን ነው። ልጅቱን ደረቴ ላይ አጋድሜ ዋልኩ። ኩባያ ለምዳለች፤ ከኩባያ ሳይለፋ ይወርዳል። ጡቴን ሁለቴ ትስብና ጀርባዋን ለጥጣ ትጮኻለች፤ እኔ ላይ ሳይሆን ወደ ጓዳው ዞራ፣ ወደ አማቴ። እሳቸው በሩ ጋ ቆመው እጃቸውን አጣምረው ያያሉ፤ አይጠጉም። እኔ አልጠራቸውም። በመጨረሻ የምንሸነፈው ሁለታችንም ነን፤ እሳቸው ልጅቱን ያነሷታል፣ እኔ እሰጣቸዋለሁ።

ወተቱ እየቀነሰ ሄደ። ወንበሮቹ ክፍል ውስጥ ፓምፑ ከብዙ ጭመቃ በኋላ የጠርሙሱን ታች እንኳ አይሸፍንም፤ ቀጥሎ የሚሰማው የአየር ድምፅ ብቻ ሆነ። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ሳለሁ ኮሪደሩ ላይ የባለጉዳይ ሕፃን አለቀሰ። ከዚህ በፊት እንዲህ ሲሆን ሸሚዜ ይርስ ስለነበር በሻርፕ ልሸፍነው ፈጠን አልኩ። ደረቅ ነበር። ሊቀመንበሩ ስለ ሩብ ዓመቱ አፈጻጸም ይናገራል፤ እኔ እጄ ደረቅ ሸሚዝ ላይ እንዳለ ተቀመጥኩ። ቁልፉን በዚያው ቀን መለስኩ።

«ጨረስሽ? እንኳን ተገላገልሽ እትዬ!» አለኝ ባልደረባዬ። ከልቡ ነበር።

ሲስተሯ የላም ወተት እንዴት እንደሚፈላ፣ ኩባያው እንዴት እንደሚቀቀል ለአማቴ አሳየቻቸው፤ ይሄንኛውን ሰሟት። ተቅማጡ ቆመ። የጭኗ እጥፋት ተመለሰ። ሚዛኑ ላይ ስትቀመጥ ሲስተሯ «ጎበዝ» አለች፤ ልጅቱን ነው፣ እኔን አይደለም። ሁሉም እፎይ አለ። ልጅ አገገመች፣ ቤት ሰላም ሆነ፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? እኔም ራሴን ይህንኑ እጠይቃለሁ። መልስ ባገኝም ጥያቄው አይተወኝም። በቃ፣ ልጄ ያለ እኔ ወፈረች።

ስድስት ወር ሲሞላት አማቴ ትልቁን እንሰት አስቆረጡት። ከጎረቤት ሴቶች ጋር ፋቁት፣ ጨመቁት፤ ከሥሩ የረጋውን ነጭ ቡላ ለብቻ አደረቁት። ከዚያ ላይ ገንፎ አገነፉ፤ ቀጭን፣ ለሕፃን የሚሆን። ባለቤቴ ለዚህ ብሎ ከሺሺንዳ መጥቶ ነበር። ልጅቱ የመጀመሪያዋን ማንኪያ ቀመሰች፣ ፊቷን ጨፈገገች፣ ከዚያ አፏን ከፈተች። ባለቤቴ አጨበጨበ።

አማቴ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ፤ እሱ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦ «አየሽ? ወተትሽ አልጠፋም። ይኸው፣ ገባላት።»

ካላቸው ነገር ሁሉ ትልቁን እየሰጡኝ እንደሆነ ገብቶኛል። እጃቸውን ያዝኩ። ግን ብዙ አንብቤአለሁ። ቡላ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስታርች ነው። ከእንሰቱ ሥር የወረደው በዝናቡ ታጥቦ ሄዷል፤ ወደ ላይ የወጣ ነገር የለም። ማመን ብችል ኖሮ አምን ነበር።

ከበላች በኋላ፣ ሁሉም ወደ ሳሎን ሲሄድ፣ ልጅቱን ይዤ መኝታ ቤት ገባሁ። ለምን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ሸሚዜን ከፈትኩ። ልጄ ጡቴን አየችው፣ ቀጥሎ እኔን አየችኝ፤ አውቶቡስ ውስጥ ቦታዋ ላይ ተሳስቶ የተቀመጠ ሰው እንደምታይ፣ ሳትቆጣ፣ እስክነሳላት እየጠበቀች። ከዚያ ወደ በሩ ዞረች፤ ከወዲያ የአማቴ ድምፅ ይሰማ ነበር።