የትንሿ ድንጋይ ቦታ

ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን አርባ ዘለላ ሙዝ ነበረን። አባቴ ከኩልፎ ወንዝ ዳር ካለው ማሳችን አስፋልት ላይ ለሚጠብቅ ነጋዴ በአንድ ጋሪ ሊያደርሰው ተስማማ፤ የዓመቱ ደብተሬና ጫማዬ የሚገዙት ከዚያ ገንዘብ ነበር።

ያኔ ተረት የሚነግረን የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ በቅርቡ ከጨንቻ የወረደው ሸማኔ ጋሽ አንጁሎ ነበር። ፍሙን እየቆሰቆሰ፣ ጭሱ ያስነባውን ዓይኑን በመዳፉ እየጠረገ፣ ልጇ በቋጥኝ ስለተያዘባት ዝንጀሮ ይተርክልን ነበር። ዝሆን ቋጥኙን ለማንሳት ዋጋ ቢጠይቃት፣ ትንሽ ድንጋይ ከቋጥኙ ሥር አስጠግታ ረጅም አጣና አጋደመችበትና ጫፉ ላይ ተንጠለጠለች፤ ቋጥኙም ተነሳ። እኔ የምስቀው ዝሆኑ ሲያፍር ነበር። ሃያ ጊዜ ነግሮናል፤ የድንጋይዋን ቦታ ግን አንድም ጊዜ ልብ አላልኩም።

በዚያ ጠዋት አባቴ ሙዙን ሁሉ ወደ ጋሪው ኋላ ከመረው።

«ለአህያዋ ይቀልላታል» አለ።

«ልትሰቅላት ነው እንዴ?» አለ ጋሽ አንጁሎ ከሽመና ጉድጓዱ ውስጥ።

«ገና ትናንት ከደጋ ወርደህ ሙዝ ልታስተምረኝ?»

ከመስኖው ቦይ ዳገት ስንደርስ የጋሪው ፊት ወደ ላይ ተነሳ፤ የአህያዋም እግሮች መሬት ለቀቁ። አባቴ ከኋላ በትከሻው ሊደግፍ ሲሮጥ ጋሪው ተገልብጦ እግሩ ላይ ወደቀ። ሙዝ የምንደግፍበትን አጣና አምጥቼ ከጋሪው ሥር አስገባሁ፤ መደገፊያ ያደረግሁትን ድንጋይ ግን ወደ ራሴ፣ እጄ አጠገብ አስቀመጥኩት። ብንጠለጠልም አልተነቃነቀም።

«አይዞህ ልጄ፣ ደግመህ ተጫን» አለኝ። ደገምኩ፤ ሠለስኩ። ከዚያ አባቴ ራሱን ሳተ። ሮጬ ጋሽ አንጁሎን ጠራሁ፤ መንገዱን በኋላ ለክቼዋለሁ፣ ሦስት መቶ ሃያ እርምጃ ነው። መጥቶ ድንጋዩን ወደ ጋሪው አስጠጋና በአንድ እጁ ተጫነ። ጋሪው ተነሳ።

የአባቴ እግር ከጉልበቱ ተቆረጠ። ማሳው በዓመቱ ተሸጠ።

በኋላ አርባ ምንጭ ስማር የፊዚክስ መምህሩ መፈንቅል ሥሎ «መደገፊያው የት ይሁን?» ሲል ጠየቀ። አውቀው ነበር፤ እጄን አላወጣሁም።

ዛሬ አራት የጭነት መኪና አለኝ፤ ጭነቱን ራሴ ሳላይ አንዱም አይንቀሳቀስም። ያተረፍኩት ይህ ነው። የከሰርኩት የአባቴ እግር፣ አርባ ዘለላ ሙዝና አንድ ተረት ነው፤ ጋሽ አንጁሎ እስኪሞት ዝንጀሮዋን ዳግመኛ አላነሳትም። ሂሳቡን ስንት ዓመት ደመርኩት፣ ቀነስኩት። ድንጋዩ ከቦታው የራቀው አራት ክንድ ብቻ ነበር።