ጭቃ ላይ የተላኩብኝ ሽማግሌዎች

ሴት ልጅ ላይ ሽማግሌ የሚላከው ለትዳር ነው። እኔ ላይ የተላከው ፈረስ ላይ እንድወጣ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ከሎረል ወዲያ ባለ ሜዳ ላይ፣ ዝናብ እየወረደ፣ ሙሉ ልብስ የለበሱ ሁለት አዛውንት ጫማቸውን ጭቃ እየዋጠው ወደ እኔ ሲመጡ ሳይ ምን ሊሉኝ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። የዚያን ቀን ያህል ተናድጄ አላውቅም። አሁንም ስጽፈው ጆሮዬ ይግላል።

ባዝራዋ የእኔ አልነበረችም። ባለቤቷ የቤተሰብ ወዳጅ ናቸው፤ እኛ ቤት ትልቁም ትንሹም ጋሼ ይላቸዋል። አዳምስ ሞርጋን ውስጥ ምግብ ቤት ከፍተው ዕድሜያቸውን ሲሠሩ ኖሩና ቤቱን ለልጆቻቸው ትተው ገጠር መሬት ገዙ። ሌላው ጡረተኛ ጎልፍ ይጫወታል፣ እሳቸው ፈረስ አመጡ። ራሳቸው አይጋልቡም፤ አጥር ተደግፈው ማየት ነው የሚወዱት። እኔ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ስልክ አነሳለሁ። ልጅ ሆኜ ግን የፈረንጆች ጋጣ እየጠረግሁ በምላሹ ግልቢያ ተምሬያለሁ። ስለዚህ ጋሼ ውርንጭላዋን ያመጡ ቀን ጠርተው አስረከቡኝ።

ዳማ ናት፣ ግንባሯ ላይ ጣት የምታህል ነጭ አለቻት። ልጓም ያስለመድኳት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ኮርቻ የጫንኩባትም እኔ ነኝ፤ ዓመታት ፈጅቶብኛል። ከሥራ ስወጣ ቤልትዌይ አውራ ጎዳና ላይ ሹፌሩን ሁሉ እየተራገምኩ እሄድና እስኪጨልም አብሬያት እሆናለሁ። የማናግራት በአማርኛ ነው፤ በእንግሊዝኛ ፈረስ ማባበል አይሆንልኝም። ደፋር አይደለችም። አዲስ ነገር ስታይ ቀጥ ብላ ትቆምና አንድ ጆሮዋን ወደ ኋላ፣ ወደ እኔ ታዞራለች። ያኔ "አይዞሽ የኔ እናት" እላታለሁ፣ ትሄዳለች። የሚያስፈራኝም ይኸው ነበር። አይዞሽ ካልኳት ገደልም ቢሆን ትገባለች።

የዚያን ቀኑ ውድድር ሦስት ነገር ነው። መጀመሪያ ፈረሱን በተከለለ ቦታ ልክ በልኩ ማራመድ፤ ቀጥሎ ባለቀለም አግዳሚ ማዝለል፤ መጨረሻ ላይ ክሮስ ካንትሪ የሚሉት፣ ሜዳና ጫካውን እየጋለቡ በግንድ፣ በቦይና በውሃ ማለፍ። ባለቀለሙ አግዳሚ ሲነካ ይወድቃል። ግንዱ ግን አይወድቅም፣ የሚወድቀው ፈረሱ ነው።

ለባዝራዋ የመጀመሪያዋ ስለነበር ጋሼ እንደ ሠርግ ደገሱላት። ከአሌክሳንድሪያ፣ ከስፕሪንግፊልድ ወዳጆቻቸውን ጠሩ፣ ድንኳን አስተከሉ፣ ክትፎው በኩለር፣ በበረዶ ሣጥን ተጭኖ መጣ። ችግሩ ዝናቡ ሳምንቱን ሙሉ አላቆመም። ሜዳው እንደ ቡሖ ላልቷል። ሰኮና ሲገባበት ይውጣል፣ ሲወጣ ይጮኻል። አዘጋጆቹ ውድድሩን ማቆም ሲገባቸው ለየሰዉ ውሳኔ ተውት፤ ይህም አናዶኛል። ልብ ያለው ሁሉ ፈረሱን ጭኖ ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነበር።

ማራመዱን በሰላም ጨረስን። ዝላዩ ላይ ግን አንድ መዞሪያ ጋ ስንደርስ የኋላ እግሯ ከሥሯ ሸሸ። በአፍንጫዋ ጭቃ ነክታ እንደምንም ተነሳች፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ አግዳሚውን ዘለለች። ድንኳኑ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ ግን እግሯ ሲከዳት በኮርቻው በኩል ተሰምቶኛል። ወርጄ አራቱንም እግሮቿን ከላይ እስከ ታች ዳሰስኩ። እብጠትም ሙቀትም የለም። ቆዳዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ድንኳኑ ሄጄ ጋሼን ለብቻቸው ጠራኋቸውና ዛሬ ስክራች አደርጋታለሁ፣ ከውድድሩ ላወጣት ነው አልኳቸው። መጀመሪያ የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ። ቀጥሎ ፊታቸው ተለወጠ። ይሄን ሁሉ ሰው ጠርቼ ምን ልበለው አሉኝ። ጭቃውን አሳየኋቸው፣ እግሯ መሸሹን ነገርኳቸው፣ ልጅ ናት፣ ጡንቻዋ አልጠናም አልኳቸው። አልሰሙኝም፤ ዓይናቸው ድንኳኑ ላይ ነበር። በመጨረሻ እምቢ ካልሽ ከነገ ጀምሮ ቨርጂኒያ ላለው ጋላቢ እሰጣታለሁ አሉ። ሰውዬውን አውቀዋለሁ። ክፉ አይደለም፣ ግን ችኩል ነው፤ በእጁ ያለውን ልጅ ፈረስ ሁሉ ያጣድፋል። ጋሼ ይህን የሚያውቁት ከእኔ ነው። የነገርኳቸውን ይዘው መልሰው ሲያስፈራሩኝ ቆሽቴ አረረ። የእርስዎ ናት፣ ለፈለጉት ይስጡ፣ እኔ ግን ዛሬ ጭቃው ላይ አላወጣትም አልኩና ጥያቸው ወደ ፈረስ መጫኛው ተሳቢ ሄድኩ።

ሽማግሌዎቹ የመጡት ያኔ ነው። አንደኛው አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተጣላ ባልና ሚስት ሁሉ የሚያስታርቁ ናቸው። ሌላኛው ዕድሜያቸውን ታክሲ የነዱ የስፕሪንግፊልድ ሰው ናቸው፤ ክረምቱን ሙሉ ሳንባቸውን ታመው ገና መዳናቸው ነበር። ጃንጥላ አልያዙም። የተሳቢውን በር ከፍቼ ይግቡ፣ ዝናብ ነው አልኳቸው።

"ቃልሽን ሳንሰማ አንገባም" አሉ የአሌክሳንድሪያው።

ደንቡ ነው። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። ያ ደንብ ግን የወጣው ሳሎን ውስጥ ለሚቆም ሰው ነው፣ ዝናብ ላይ ለሚቆም አይደለም። እርር ድብን አልኩ። ጋሼ አሳፋሪ ነገር የሠሩት ራሳቸው፣ ዝናብ የሚመታቸው እኚህ የታመሙ ሰው፣ ጥፋተኛ የምባለው እኔ። አስታራቂው ቀስ ብለው ነገሩን ጀመሩ። ጋሼ ባዕድ አይደሉም፣ እንደ አባት ናቸው፣ አንድ ቀን ብቻ ክብራቸውን ጠብቂላቸው አሉኝ።

"አባባ፣ ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባል የለ?" አልኳቸው። "የጋሼን ክብር እሷ ለምን ትዋጋለታለች?"

ፈገግ አሉ፣ ጥሩ ተናገርሽ አሉ፣ ካሉበትም ንቅንቅ አላሉም። ታክሲ ነጂው ሳል ጀመራቸው። መሐረብ አውጥተው አፋቸውን ሲይዙ ውሃ ከባርኔጣቸው ጠርዝ አንገታቸው ውስጥ ይወርዳል። እንዲገቡ ለመንኳቸው። በእጃቸው ምልክት እምቢ አሉኝ። ሳሉ በረታ። እሺ ያልኩት ለጋሼ ክብር አይደለም፣ ለዚያ ሳል ነው። እሺ የሚለውን ቃል እንደ መራራ ነገር ተፋሁት። ተባረኪ፣ ክበሪ ብለው መረቁኝ፤ ጥርሴን ነክሼ ትከሻቸውን ሳምኩ።

መነሻው ላይ ፕላስቲክ የለበሰች ሴትዮ ቁጥር ወደ ታች ቆጥራ ለቀቀችን። የመጀመሪያው ግንድ ትንሽ ነበር፣ አለፈችው። ሁለተኛውም አላቃታትም። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ወደ ውሃው ይወርዳል። ቁልቁለቱን ከእኛ በፊት ያለፉት ፈረሶች አርሰውታል፤ ከታች ግንድ፣ ከግንዱ ወዲያ ውሃ አለ። ጋሼና እንግዶቻቸው ከገመዱ ባሻገር ስልካቸውን ደቅነው ተደርድረዋል። ባዝራዋ ቁልቁለቱን ስታይ ቀጥ አለች። የኋላ እግሮቿ ትንሽ ተንሸራተው ቆሙ። አንድ ጆሮዋን ወደ እኔ አዞረች።

ቃሌን እየጠበቀች ነበር። ያንን ቃል ብላት እንደምትወርድ አውቃለሁ። በዚያ ጭቃ ላይ፣ በዚያ እግር፣ እኔን አምና ትወርድ ነበር። አፌን ዘጋሁ። ልጓሙን ሰብስቤ መለስኳትና እጄን አነሳሁ። እጅ ማንሳት አቁሜያለሁ ማለት ነው፤ ወርጄ እየሳብኳት ወጣን።

ጋሼ ገመዱን አልፈው ጭቃው ውስጥ መጡ። በሰው ፊት አዋረድሽኝ አሉኝ፤ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል።

"አይዞሽ ብላት ትገባልዎት ነበር፣ ጋሼ" አልኳቸው። "ያላልኳት ለዚህ ነው።"

እንግዶቹ አንድ በአንድ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

ዛቻው የንዴት ይመስለኝ ነበር። በማግሥቱ ከሥራ ስመጣ ጋጣው ባዶ ነው። ውሃ መጠጫዋ ታጥቦ ተደፍቷል። ጋሼ ኮል እንኳ አላደረጉኝም። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ መሪውን በቡጢ እየመታሁ አለቀስኩ፣ ካለቀስኩ በኋላም ንዴቱ አልወጣልኝም። ወሬው ደግሞ ከእኔ ፈጠነ። ሽማግሌ ረገጠች ተባለ። እሺ ብዬ መውጣቴን፣ ሁለት ግንድ መዝለሌን የሚያነሳ የለም። እንጀራ ልገዛ የገባሁበት ሱቅ ያለችው ሴትዮ ሳይቀር፣ ትልቅ ሰው እኮ ዝናብ ላይ አይቆምም የኔ ልጅ ብላ መከረችኝ። ያቆምኳቸው እኔ ነኝ? እንጀራውን ባንኮኒው ላይ ትቼላት ወጣሁ።

ሁለተኛው ሽምግልና የመጣው ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ነው። አፓርታማዬ ተንኳኳ፤ ስከፍት እነዚያው ሁለቱ፣ ከኋላቸው ጋሼ። ገቡና ሳሎኔ መሐል ቆሙ። ተቀመጡ አልኩ፤ የዛሬውንም ቃልሽን እንስማ አሉ። ታክሲ ነጂው ድነዋል፣ ጉንጫቸው ሞልቷል። በዚያ ደስ አለኝ፣ ደስ ስላለኝም ተናደድኩ። አስታራቂው፣ ጋሼ ቸኩለዋል፣ አንቺም ተቆጥተሻል፣ ሁለታችሁም ጥፋት አለባችሁ ብለው እኩል አካፈሉን። አሁን ልጅ ነሽና ጉልበት ሳሚ፣ እሳቸውም ይቅር ይበሉሽ አሉ። ይቅር ይበሉሽ!

መጀመሪያ እንዴት ናት አልኳቸው ጋሼን።

ስልካቸውን አውጥተው ሰጡኝ። ቪዲዮ ነው። ደረቅ ሜዳ፣ ፀሐይ፣ የእኔ ባዝራ፣ ላይዋ ላይ የቨርጂኒያው ሰው። ወደ ውሃው ሲመጡ ቆመች፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ አዞረች። ሰውዬው የሚላት የለውም። ተረከዙን አሳረፈባት፣ አልሄደችም። አለንጋውን አነሳ። በዚህ ጊዜ ከስልኩ ጀርባ፣ ከገመዱ አጠገብ፣ የሚንቀጠቀጥ ያረጀ ድምፅ "አይዞሽ የኔ እናት" አለ። ጆሮዋ ወደ ድምፁ ዞረ። ከዚያ ውሃው ውስጥ ገባች፣ ተሻግራ ወጣች፣ ሩጫዋን ጨረሰች።

"አየሽ፣ ምንም አልሆነችም" አሉ አስታራቂው።

ደረቅ መሬት ላይ ነው እኮ ብዬ ልጮህባቸው ነበር። ትክክል መሆኔን የሚነግረኝ ሰው መቼም እንደማይመጣ ያኔ ገባኝ። በሰላም የዋለች ፈረስ ምን ታረጋግጣለች? ምንም። ጋሼ ግን አየሽ አላሉም። ምንጣፉን እያዩ አይዞሽ የሚለውን ቃል ካንቺ ነው የሰማሁት አሉ። አጥር ተደግፌ ስሰማሽ ነው የኖርኩት። ሰውዬው ምን እንደሚላት አያውቅም፣ እኔም ሁልጊዜ ገመዱ ጋ አልኖርም፣ አርጅቻለሁ አሉ። ትመለሳለች ግን አላሉም። ቃላቸውን ለሰውዬው ሰጥተዋል፣ እሳቸው ደግሞ ከቃላቸው አይመለሱም። እንደማይመለሱ እኔም አውቃለሁ።

ቪዲዮውን መልሼ ጆሮዋ የዞረበት ላይ አቆምኩት። ሽማግሌዎቹ ቆመው ይጠብቁኛል። ስልኩን መለስኩላቸው።

"ሰውዬውን ያስተምሩት" አልኩ። "እስኪለምደው ድረስ ያስደግሙት። ስትፈራ አይዞሽ ይበላት።"

ጋሼ ቀና አሉ፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። አስታራቂው በይ እንግዲህ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ብለው በእጃቸው የጋሼን ጉልበት አሳዩኝ። አልጎነበስኩም።

"አልጨረስኩም" አልኳቸው። "ጭቃ ከሆነ ግን እንዳይላት። ይህን ቃል ይስጡኝ፤ ቃልዎን ሳልሰማ እኔም አልቀመጥም።"

አራታችንም ሳሎኑ መሐል ቆምን። ታክሲ ነጂው አንዴ ሳል አሉ።

"እሺ" አሉ ጋሼ።

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩና ወንበር ሳብኩላቸው።