አንድ ቋጠሮ ያለው ክር

ልብስ ሰፊዋ እርግዝናዬን ይደብቅልኛል ብላ ለራሷ ለቀቅ ያለ ቀሚስ ሰፋች። ቀሚሱን ለብሳ በወጣችበት ቀን ሰፈሩ በሙሉ ማርገዟን አወቀ። ዕድሜዋን ሁሉ ከልኳ ውጭ ለብሳ የማታውቅ ሴት በድንገት ድንኳን ተከናንባ ብቅ ስትል፣ ሰው ዓይን አለው እኮ!

መደበቋ ግን ያለ ምክንያት አልነበረም። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም በሦስተኛው ወር ወርደውባታል። «ለሁለቱ ሮጬ ተናገርኩ፤ ለዚህኛው አፌን እሰፋለሁ» ብላ ነበር ለባሏ። ባሏ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ምስጢር ሲሰጡት አፉን ይዘጋል፣ ፊቱ ግን ሁሉን ይናገራል። አምስተኛው ወር ሲገባ እሱ በየመናኸሪያው ብቻውን ፈገግ እያለ ይዞር ስለነበር፣ ቀሚሱ ባያጋልጣት እንኳ የባሏ ጥርስ ያጋልጣት ነበር።

የምትሠራው ከጋራዥ ፊት ለፊት ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ሦስት የስፌት መኪና፣ ሦስት ሴት፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ። የተማሪ ዩኒፎርምና መጋረጃ ይሰፋሉ። ከጎኗ የምትቀመጠውን «ዜና» ይሏታል፤ ወሬ አምጪ በመሆኗ ብቻ ሳይሆን፣ ወሬውን እግሯን ከፔዳሉ ላይ አንስታ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ ስለምታቀርበው ነው።

«ቆላው ውስጥ በሽታ ገብቷል» አለች ዜና አንድ ጠዋት፣ እግሯን ከፔዳሉ አንስታ። «ትንኝ ነው አሉ የሚያስተላልፈው። ትልቁን ሰው ሁለት ቀን አተኩሶት ይለቀዋል። እርጉዝ ሴት ላይ ግን... ልጁን ነው አሉ ከውስጥ የሚጎዳው።»

ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን አላቆመችም። የዩኒፎርሙን ኪስ ግን ገልብጣ ሰፋችው፤ ይኼ በአሥራ አንድ ዓመት አንድም ጊዜ ደርሶባት አያውቅም።

ቆላው አገሯ ነው። አባቷ እዚያ ናቸው። እሷም በሚቀጥለው ሳምንት በባሏ መኪና፣ ከፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ ልትሄድ ቀጠሮ ይዛለች።

ስለ አባቷ ትንሽ ልበል፤ ሰውየው ሊታለፉ የሚገባቸው አይደሉም። እሳቸውም ልብስ ሰፊ ናቸው። እሷ ገና ልጅ ሳለች እናቷ ስለሞተች ያሳደጓት ከስፌት መኪናቸው ሥር፣ በቁርጥራጭ ጨርቅ ክምር ላይ እያስተኙ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ሱቃቸውን ዘግተው አያውቁም። «የሰው ጨርቅ ተቆርጦ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ እኔ ሌላ አገር አልተኛም» ይላሉ። ጠረጴዛቸው ላይ ደግሞ የተቆረጠ ጨርቅ ጠፍቶ አያውቅም። በልጃቸው ሠርግ ቀን እንኳ ጠዋት ደርሰው ማታ ተመለሱ። የአንድ ሰው ኮት እጅጌው ሳይገባ ቀርቶ ነበር። ሙሽራዋ አኩርፋ አንድ ወር አልደወለችላቸውም፤ እሳቸውም የኮቱ ባለቤት በጣም መደሰቱን ሊነግሯት ደጋግመው ደወሉላት።

እኚህ ሰው ዓይናቸው እየጠፋ ነው። ሐኪሙ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም ከጥቂት ወራት አይዘልም ብሏቸዋል። ለልጃቸው በስልክ የነገሯት እየሳቁ ነው።

«ዓይኔ ከሱቁ ቀድሞ ሊዘጋ ነው፣ ልጄ።»

«አባባ፣ በዚህ አይቀልዱ።»

«እሺ አልቀልድም። ብቻ አንድ ጊዜ ሆድሽን ይዘሽ ነይልኝ። ልጁን በዓይኔ ላልደርስበት እችላለሁ፤ አንቺን ግን ልድረስብሽ። እናትሽ አንቺን ስታረግዝ ወደ ኋላዋ ጋደል ብላ ነበር የምትሄደው። አንቺም እንደዚያ ትሄጂ እንደሆን ማየት አማረኝ።»

«እመጣለሁ» ብላ ቃል ገባች። ከዚያ በኋላ ነው ትንኟ የመጣችው።

ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች። ክትትል የምታደርግላት ነርስ ጠና ያሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚፈልጉት ሴት ናቸው።

«ልትነከሺም ላትነከሺም ትችያለሽ» አሏት። «ብትነከሺም ላይዝሽ ይችላል። ቢይዝሽም ልጁ ደህና ሊሆን ይችላል። ከያዘው ግን የሚጎዳው ጭንቅላቱን ነው፤ ለዚያ መድኃኒት የለንም። መቅረት ከቻልሽ ቅሪ ነው የምለው።»

«ሲስተር፣ እርስዎ ቢሆኑ ይቀሩ ነበር? አባትዎ ዓይናቸው እየጠፋ?»

ነርሷ መነጽራቸውን ከግንባራቸው ላይ አገኙት። «አልቅሼ እቀር ነበር» አሉ።

እንዲህ ያለ መልስ ለሰው አይመችም። ሂጂ ቢሏት ትሄዳለች፣ እብድ ነሽ ቢሏት ትቆጣለች። አልቅሶ መቅረት ግን ለሷ የተተወ ሥራ ሆነ።

ባሏ ከቆላ ሲመለስ የባሰ ነገር ይዞ መጣ። ሊነግራት አልፈለገም ነበር፤ ፊቱ ግን እንዳልኳችሁ ነው።

«ምን ሆነዋል? ንገረኝ።»

«ምንም አልሆኑም። ብቻ... ሜትሩን ትተውታል። ሰው ሲለኩ ክር ነው የሚጠቀሙት። ደረቱ ላይ አንድ ቋጠሮ፣ ወገቡ ላይ አንድ ቋጠሮ። ቁጥሩ አልነበብ ብሏቸዋል መሰለኝ። ሜትሩን ግን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውታል፣ ሰው እንዳያውቅባቸው።»

ልብስ ሰፊዋ ይኼን ስትሰማ ተነስታ ሻንጣዋን አወረደች። ሜትር አንገት ላይ አንጠልጥሎ በክር መለካት ምን ማለት እንደሆነ ከሷ በላይ ማን ያውቃል? «እሄዳለሁ» አለች። «እጄንም እግሬንም እሸፍናለሁ፣ ቅባት እቀባለሁ፣ ሁለት ቀን ብቻ አድሬ እመለሳለሁ።» ባሏ «እሺ» አለ። «አትሂጂ» ቢላት አባቷን የነጠቃት፣ «ሂጂ» ቢላት ልጁን የጣለ እየመሰለው ተጨንቆ ነው «እሺ» ያለው። እወደዋለሁ እኔ ይኼን ሰውዬ፤ ፈሪነቱም ከፍቅር ነው።

የጉዞው ጠዋት ደረሰ። ተሳፋሪው ዕቃውን እየጫነ ነው። እሷ እስከ ጣቷ የሚደርስ እጅጌ ለብሳ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ባሏ ባልዲና ጨርቅ ይዞ የፊት መስታወቱን ከውጭ ማጠብ ጀመረ። ትናንት ማታ ከቆላ የገባ መኪና ነው፤ መስታወቱ ላይ መንገድ ሙሉ የተላተመበት ነፍሳት ደርቆ ተጣብቋል። ክንፍ፣ እግር፣ ምኑ ቅጡ። እሱ ይፈትጋል፣ አይለቅም፤ በጥፍሩ ይፍቃል። እሷ ከውስጥ ሆና እያንዳንዱን ነጥብ በዓይኗ ትከተላለች። ስፌት እንደምትፈትሽ ሁሉ አንዱን ስትጨርስ ወደ ቀጣዩ አለፈች፤ ማለቂያ አልነበረውም።

እጇ ሳታዝዘው ሆዷ ላይ ሄዶ ተቀመጠ።

ባሏ ቀና ሲል ሚስቱ በመስታወቱ ውስጥ እያለቀሰች አያት። ባልዲውን አስቀምጦ መጣ። ሻንጣዋን አወረደላት። እሷ ከቦርሳዋ ጠንካራውን ነጭ ክር አወጣች፤ ሆዷ በጣም የወጣበት ላይ አዙራ፣ ጫፉ ከገጠመበት ላይ ቋጠሮ አሰረች፣ ክሩን ረዘም አድርጋ በጥርሷ በጠሰችው።

«ስጥልኝ» አለችው። «ሆዴ ዛሬ ይኼን ያህላል በልልኝ። ለዓይናቸው ካልሆነ ለጣታቸው ይሁን።»

ከሰዓት በኋላ ደወለችላቸው። «አባባ፣ አልመጣሁም።» ብዙ ልትናገር አዘጋጅታ ነበር፤ ከዚህ በላይ አልወጣላትም።

አባቷ «ደግ አደረግሽ» አሉና ዘጉት።

ከዚያ በኋላ አልደወሉም። አንድ ሳምንት አለፈ። ስትደውል አያነሱም፤ ቢያነሱም «ሥራ ላይ ነኝ» ብለው ይዘጋሉ። ባሏ ክሩን በእጃቸው ሰጥቷቸዋል፤ «ዳበሱት፣ ኪሳቸው ከተቱት፣ ‹ሌላው ቋጠሮስ?› አሉኝ፣ ምን እንደሆነ አልገባኝም» አላት። ከዚያ የሱ መኪና ሞተሩ ተበላሽቶ ጋራዥ ገባ፤ እዚያው ከሥራ ቦታዋ ፊት ለፊት ተፈትቶ ተቀመጠ። በሁለተኛው ሳምንት ዜና እግሯን ከፔዳሉ አነሳች።

«አባትሽ አዲስ ጨርቅ አልቀበልም እያሉ ሰው ይመልሳሉ አሉ። የመጣውን ሁሉ።»

ልብስ ሰፊዋ ሆድ ባሳት። አባቷ ሥራ መለሱ ማለት ዓይናቸው ጨርሶ ጠፋ ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም አልታያትም። ልጇን ልታድን ነው የቀረችው፤ አባቷን ግን በዚያች «አልመጣሁም» በምትል አንዲት ቃል የጨረሰቻቸው መሰላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጋረጃ እየሰፋች ጨርቁን በእንባዋ ታረጥበው ነበር። ዜና ራሷ አፍራ ሁለት ቀን ወሬ አላወራችም።

ሞተሩ ተገጥሞ ባሏ በወጣ በሦስተኛው ቀን፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ አውቶቡሱ መናኸሪያ መግባቱን ትቶ ቤታቸው በር ላይ መጥቶ ጡሩምባውን ነፋ። ወጣች። ከፊተኛው ወንበር ላይ አባቷ ወረዱ፤ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ፣ ትልቅ የጨርቅ ጥቅል ብብታቸው ሥር።

«አባባ!»

«አትቅረቢኝ!» አሉ እጃቸውን ዘርግተው። «እዚያው ቁሚ። ጤና ጣቢያ ጠይቄአለሁ። ሦስት ሳምንት ትንኝ ሊነክሰኝ አይገባም። ምናልባት እኔ ደሜ ውስጥ ካለ፣ የናንተ ትንኝ ከኔ ወስዳ ላንቺ እንዳታቀብልሽ።»

ጥቅሉ አጎበር ነበር። ትመጣለች ብለው ለሷ አልጋ የሰፉት ነው፤ አሁን ሳሎኑ መሃል ከጣሪያው ላይ አሰቀሉትና ራሳቸው ገቡበት። ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ነጩ መረብ ከአናታቸው ወርዶ ዙሪያቸውን ሸፍኗቸው፣ ቬሎዋ የበዛባት ሙሽራ መሰሉ። ሹፌሩ ሳቁን ሊይዝ ወደ ጓዳ ሸሸ።

እሷ ግን ስፌቱን አየች። የአባቷ ስፌት በሕይወት ዘመኗ አንድ ጊዜ እንኳ ከመስመር ወጥቶ አይታ አታውቅም። የአጎበሩ ጠርዝ ግን ይወጣል፣ ይገባል፣ መንገድ ስቶ ይመለሳል። ልቧ ተሰበረ።

«አሁን ወደ ሥራችን» አሉ አባቷ ከመረቡ ውስጥ። ከኪሳቸው ነጩን ክር አወጡ። «ይኼ ምንድን ነው?»

«ልኬ ነው፣ አባባ።»

«ይኼ ልክ ነው? ማን ነው እንዲህ ያስተማረሽ? አንድ ቋጠሮ! አንገቱ የታለ? ትከሻው የታለ? ያላለቀ ልክ ልከሽልኝ እኔ እንዴት ልቀመጥ?»

«እንዲሰፉልኝ እኮ አይደለም የላክሁት። እንዲያውቁት ብዬ ነው።»

«አውቄዋለሁ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ስንት ጊዜ ነው ያወቅሁት። ኪሴ ውስጥ ሲዳበስ ነው የሚውለው።»

«ሱቁስ?»

«ዘጋሁት። የነበረውን ሁሉ ጨርሼ ለየባለቤቱ ሰጠሁ፤ ለዚያ ነው ሁለት ሳምንት የፈጀብኝ። ጠረጴዛዬ ላይ የቀረ የሰው ጨርቅ የለም። የቀረኝ ያንቺ ነው።»

ለሠርጓ አንድ ቀን ያላደሩ ሰው ናቸው። ልብስ ሰፊዋ ልትቀመጥ ወንበር ሳበች።

«አትቀመጪ» አሉ። «ከበሩ እስከ መስኮቱ ሂጂልኝ። ቀስ ብለሽ።»

ሄደች። የዓይናቸው መሃል ስለጨለመባቸው አንገታቸውን ወደ ጎን አዘንብለው፣ በቀረቻቸው ጥግ ተከተሏት። መስኮቱ ጋ ስትደርስ ብርሃኑ ላይ ቆመች።

«እናቴን እመስላለሁ?»

«የለም» አሉ አባቷ። «እሷ ወደ ኋላ ነበር ጋደል የምትለው። አንቺ ወደ ጎን ነው። እንደ ዳክዬ። እኔን ነው የመሰልሽው፣ ወይኔ ልጄ!» ተሳሳቁ፤ ከዚያ እሳቸው ዓይናቸውን በመሐረብ ጠራረጉ።

ጠጋ አለች። የአጎበሩን ጫፍ በትንሹ አንስተው እጃቸውን አወጡ፤ ክሩን ሆዷ ላይ አዞሩት። ጫፉ ወደ ቋጠሮው መጣ፤ አልደረሰም። ሁለት ጣት ያህል ቀረው። አባቷ እንደገና ሞከሩ፣ ሳቡት፣ ዳበሱት። አርባ ዓመት ሲለኩ የኖሩ እጆች ግራ ሲገባቸው አየች።

«ተሳስቻለሁ መሰለኝ» አሉ። «ቋጠሮው አልገጥም አለኝ። ጣቴም ከዳኝ እንዴ?»

«አልተሳሳቱም፣ አባባ። አድጓል።»

አባቷ ክሩ ከተረፈው ላይ፣ ከመጀመሪያው ሁለት ጣት ራቅ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሁለተኛ ቋጠሮ አሰሩ።

«ታዲያ ይኼ ልክ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ሲወለድ ነዋ። ሦስት ወር ከምናምን ይቀረዋል።»

አባቷ ክሩን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ፤ ሜትሩንም ከአንገታቸው አውልቀው ሰጧት።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል» አሉ። «የሰው ሥራ ጀምሬ ሳልጨርስ አልሄድም።»