ሦስተኛው ቀጠሮ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሳሊተ ምሕረት ያለው ቤቴ ውስጥ አርፌ መቀመጥ አቅቶኛል። ከሳሎን በረንዳ፣ ከበረንዳ ግቢ። ልጄ «አባዬ፣ ምንጣፉን ጨረስከው እኮ!» ትለኛለች። ምን ላድርግ? ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ፊቴ ቆሞ እኔ ተቀምጬ ኖርኩ፤ አሁን ተራው የእኔ ነው መሰል።

አትላስ አካባቢ ባለ ሆቴል የሚሠራ ወጣት ለልጄ ሽማግሌ ሲልክ ደግሞ ባሰብኝ። በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፣ ወጉ ነው፤ «ዘመድ ላማክር» ብዬ በሁለት ሳምንት ቀጠርኳቸው። ሁለተኛ ሲመጡ ግን ወግ አልነበረም፣ የችሎት ልማዴ ነው። የልጁ ዘመዶች እነማን ናቸው፣ ፊት ሌላ አጭቶ ያውቃል ወይ፣ «ይጣራ» አልኩና በወሩ ቀጠርኩ። ልጄ ሁለት ቀን ዘጋችኝ። እኔም በገንኩ! ሰብሳቢ ዳኛ ሆኜ መዝገብ ሳላገላብጥ ፈርሜ አላውቅም፤ ኩራቴ እሱ ነበር። ለገዛ ልጄ ነው የምቸኩለው?

ሦስተኛው ቀን እሑድ ነበር። ከሦስቱ ሽማግሌዎች ሁለቱ ተቀመጡ፤ ታላቃቸው፣ የልጁ አጎት፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ኧረ ይቀመጡ» አልኳቸው።

«መልስ ሳልሰማ አልቀመጥም።»

«ትንሽ የሚጣራ ነገር ቀርቷል። በሚቀጥለው ወር...»

«ክቡር ዳኛ» አሉ ረጋ ብለው፣ «እርስዎ አላስታወሱኝም። በቤት ክርክር ስድስት ዓመት እርስዎ ፊት ቆሜአለሁ። ያኔም እንዲሁ ነበር የሚሉኝ።»

ደነገጥኩ። ፊታቸውን ደጋግሜ አየሁት፤ ምንም አልመጣልህ አለኝ። ስድስት ዓመት ፊትህ የቆመ ሰው እንዴት ይረሳል?

«ፈረድኩብዎት?»

«ፈረዱልኝ እንጂ! ምን ይወጣለታል፣ ደህና ፍርድ ነበር። ባለቤቴ ግን ቤቷን ሳታየው ሞተች።»

አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። የጓዳው በር ገርበብ ብሏል፤ ልጄ ከበስተኋላው ቆማ እየሰማች እንደሆነ ጫማዋን አይቼ አወቅኩ። እሷም ቆማለች። ከወንበሬ ተነሳሁ።

«ልጄን ሰጥቻለሁ» አልኩ።

ሽማግሌው ያን ጊዜ ተቀመጡ። ከጓዳ እልልታው ሲመጣ እኔ ገና ቆሜ ነበር።