የዘፈኑ የመጨረሻ ሳጥን

ዛሬ ልጆቹ «ክሊፕ» የሚሉትን ነገር፣ እኛ በደርግ መጨረሻ ዓመታት አሰላ ላይ ስንማር «የዘፈን ፊልም» እንለው ነበር። ዘፋኙ ኮቱን ለብሶ አበባ መሀል ይቆማል፣ አንዷን አበባ ይነካካል፣ ሄዶ ዛፍ ይደገፋል፤ በቃ። ዘፈኑ ስለ ፍቅርም ይሁን ስለ ማዳበሪያ፣ አበባውና ዛፉ አይቀሩም። ያ ዛፍ ደመወዝ ሊቆረጥለት ይገባ ነበር ብዬ ዛሬም አስባለሁ።

ፌዙን ያስተማረን የአማርኛ አስተማሪያችን ነው። የትምህርት ቤቱን የኪነት ክበብ የሚመራው እሱ ነበር። የእርሻ ልማት መሥሪያ ቤቱ ለገበሬ ማሠልጠኛ ያስመጣው ቪዲዮ ካሜራና ማጫወቻ ነበረው፤ ካሜራ የሚይዘው ሰውዬ ደግሞ ከቴሌቪዥን የቀዳቸው ዘፈኖች ነበሩት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቲቸር ወደዚያ ይዞን ይሄድና ወለሉ ላይ ያስቀምጠናል። «ጆሯችሁን ድፈኑ» ይለናል። ጣታችንን ጆሯችን ውስጥ ከተን ምስሉን ብቻ እናያለን። ከዚያ ካሴቱን ያጠነጥንና «አሁን ዓይናችሁን ጨፍኑ» ይላል። «ዘፈኑ ምን ነገራችሁ? ምስሉስ? ይህች ልጅ ለምን ዞር አለች? ጠልታው ነው ወይስ የምትሄድበት አላት?»

አንድ ቀን ግጥሙና ምስሉ ካልተስማሙ የትኛውን እንመን ብዬ ጠየቅሁት። ካሜራ የሚይዘው ሰውዬ ራቅ እስኪል ጠበቀና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ግጥሙን ከመዘፈኑ በፊት ብዙ ሰው ያርመዋል። ምስል ግን ያመልጣቸዋል። ዓይንሽን እመኚ።»

ለወላጆች በዓል የራሳችንን የዘፈን ፊልም እንድንሠራ የተፈቀደልን በዚያ ዓመት ነው። እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፣ ማትሪክ ከፊቴ ተደቅኗል። ዘፈኑን ክበባችን አውጥቶት ነበር። እናት ለዘማች ልጇ የምትዘፍነው ነው፤

ሂድ ልጄ በደህና፣
ድልህን ይዘህ ና፣
ደጄን አብራው እንደገና።

ግጥሙ ታርሞ ማኅተም አርፎበታል። የቀረን ምስሉ ብቻ ነበር፤ እሱን ማንም አልጠየቀንም።

ለእኔ ግን ዘፈን ብቻ አልነበረም። አንድ ወንድም ነበረኝ፣ ታላቄ። ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ከሄደ በኋላ መጀመሪያ ላይ ደብዳቤው ቶሎ ቶሎ ይመጣ ነበር፤ ኋላ ሳሳ፣ ኋላ ቆመ። አባታችን ቀደም ብሎ ስላረፈ ቤት ውስጥ የቀረነው እናቴና እኔ ነን። እናቴ የእርሻ ልማቱ መጋዘን ውስጥ የዘር ስንዴ የምትለቅም የቀን ሠራተኛ ነበረች። ቀበሌ ሄዳ ስትጠይቅ «ግዳጅ ላይ ነው፣ እናቴ፤ ወሬ አይስሙ» ይሏታል። እሺ ብላ ትመለሳለች። እኔ ስለ እሱ ሳነሳባት «ይመጣል» ትለኛለች፣ ከዚያ ሥራ ትፈልግልኛለች።

ቲቸር ጥቁር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ሳጥን ሳጥን እየሠራ አስነደፈን። አንዱ ሳጥን አንድ ምስል ነው። መጀመሪያው ሳጥን ውስጥ እናት ልጇን መናኸሪያ ላይ ትሸኛለች። ቀጥሎ አውቶቡሱ በስንዴው መሀል ይሄዳል። ቀጥሎ እናት ደጅ ቆማ መንገድ ታያለች፤ ከኋላዋ የጭላሎ ተራራ ጉም ለብሷል። እዚህ ላይ ሲያቆም ተነሥቼ ጠመኔውን ከእጁ ተቀበልኩና አንድ ሳጥን ጨመርኩ። ወታደሩ ከአውቶቡስ ይወርዳል፤ እናት እልል እያለች ታቅፈዋለች።

«ይሄ ከየት መጣ?» አለኝ። «ግጥሙ ና ይላል እንጂ መጣ አይልም።»

«ታሪክ መጨረሻ ያስፈልገዋል፣ ቲቸር።»

«ያስፈልገዋል። የፈለግነውን ግን ላይሆን ይችላል።»

እልኸኛ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። ክፍሉ እጅ ያውጣ ብዬ ጮህኩ። ከግማሹ በላይ ወንድም ወይም የአጎት ልጅ የሄደበት ነበርና እጁን ሳያወጣ የቀረ አልነበረም። ሟርት ይደርሳል እያሉ ክፉ መናገር የሚከለክሉን ሰዎች፣ ደግ ነገርም ሲናገሩት እንደሚደርስ ለምን አይነግሩንም? ወንድሜ ከዚያ አውቶቡስ ሲወርድ በዓይኔ ይታየኝ ነበር። ሳጥኑን ሁለት ጊዜ አድምቄ አሰመርኩት።

እናት ሆና የምትሠራ ግን ጠፋች። አንዷን የክፍላችንን ልጅ ሽበት እንድታወጣ ብለን ራሷ ላይ ዱቄት ብንነሰንስባት ለገንፎ የተሰናዳች መሰለች። አልቅሺ ስትባል ትስቃለች። ቲቸር «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» ቢላት ባሰባት፣ መሬት ላይ ተንከባለለች። ማታ ይህን ለእናቴ እያስመሰልኩ ስነግራት ትስቃለች ብዬ ነበር።

«እኔ እሠራዋለሁ» አለች።

ዘፈን ሲከፈት እንኳ ሬዲዮኑን ቀንሱት የምትል ሴት ናት። «ካሜራ ፊት ቆመሽ?» አልኳት።

«ቴአትር ነው አላልሽም? ቴአትር ማን ይከለክለኛል?»

በቀረጻው ቀን ጠዋት ካፊያ ነበር። ካሜራ የሚይዘው ሰውዬ ካሜራውን ከነጃንጥላው ታቅፎ መናኸሪያው በረንዳ ሥር ቆመ። አንድ ሹፌር ተሳፋሪ እስኪሞላ አውቶቡሱን ፈቀደልን፤ የሳጉሬ አውቶቡስ ነበር። ስለዚህ ወደ ሰሜን መዝመት የነበረበት ወታደራችን ወደ ደቡብ ዘመተ። የወታደር ልብሱን የተዋስነው ከአንድ አብዮት ጥበቃ ነው፤ ለበስኩ ያለው ልጅ ውስጡ ጠፍቷል። ተሳፋሪዎቹም ውረዱልን ብንላቸው አሻፈረኝ አሉ። አንድ ሽማግሌ ወታደሩ ሊሳፈር ሲል ዶሮዎቻቸውን ይዘው ከፊቱ እየወረዱ ሁለት ጊዜ አበላሹብን። «ልጄ፣ እኔም እኮ ከመንገድ መመለሴ ነው» አሉ በኦሮምኛ፣ ሰው ሁሉ ሳቀ።

እናቴ ለሽኝቱ ንጹሕ ነጠላዋን እንደ ወትሮው ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ ለብሳ መጣች። ቀይ ጥለት ያላት፣ ለፋሲካ የምታወጣት ነጠላ ነበረች። ልጁን ሳመችው፣ ኮሌታውን አስተካከለችለት፣ መስኮቱ ሥር ቆማ እጇን አነሣች። ቲቸር ደግመን እንሥራው አላለም። ከዚያ ለመመለሱ ስንዘጋጅ «ነጠላዬን ላስተካክል» ብላ ከትኬት ቢሮው ጀርባ ገባች። እኔ ዘፈኑን የማጫውትበትን ቴፕ ይዤ አውቶቡሱ ውስጥ ወንበር ሥር ተጎንብሻለሁ፤ በካሜራው እንዳልታይ። ያን ምስል ሲያነሡ ያየሁት የወታደሩን ጫማ ብቻ ነው። ስወርድ እናቴ ነጠላዋን አጣጥፋ ይዛለች።

«እልል አልሽ?» አልኳት፤ ድምፅ አልሰማሁም ነበር።

«ድምፁን ካሜራው አይወስደውም ብላችሁኝ የለ» አለች።

ካሜራ የሚይዘው ሰውዬ በጥሩ ሁኔታ ወጥቷል አለ። የሚያይበት ትንሽ መስታወት ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቀለም አያሳይም። ቲቸር ግን በባዶ ዓይኑ አይቷል፣ እዚያው አጠገቡ ነበር። ያን ቀን ከወትሮው ይልቅ ዝም ማለቱን ኋላ ነው ያስታወስኩት።

የወላጆች በዓል ቀን አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ከፊት ከፓርቲ የመጣ ጓድና የትምህርት ቤቱ ኃላፊዎች፣ ከኋላ እናቶች፤ ብዙዎቹ የመጋዘን ሠራተኞች፣ እናቴም መሀላቸው። ባለ ቀለሙ ቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ ጠረጴዛ ተደርቦለት ከፍ ብሏል። ሽኝቱ ሲታይ ሰው አጨበጨበ። ሽማግሌውና ዶሮዎቻቸው ሳይቆረጡ ቀርተው ኖሮ ሳቅ ሆነ። አውቶቡሱ በስንዴው መሀል አለፈ። እናት ደጅ ቆማ መንገድ አየች።

ከዚያ የእኔ ሳጥን መጣ።

ወታደሩ ከአውቶቡሱ ወረደ። እናቴ ወደ እሱ ሄደች። ነጠላዋ ተዘቅዝቋል። ቀዩ ጥለት ከታች የለም፣ አንገቷ ላይ ነው፤ ለቅሶ ቤት እንደሚለበሰው። አላቀፈችውም። ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ አየችው፣ የሌላ ሰው ልጅ መሆኑን ያወቀች ያህል ቀስ ብላ ለቀቀችው። ዘፈኑ «ደጄን አብራው እንደገና» ይላል።

መጀመሪያ ተሳስታ ነው አልኩ። ግን በሽኝቱ ልክ ነበረች፤ እዚያው ቀን፣ እዚያው ቦታ። ዕድሜዋን ሙሉ ነጠላ የለበሰች ሴት ጥለቷ ከላይ ይሁን ከታች አይጠፋትም። ጆሯችሁን ድፈኑ ሲለን የነበረው ትዝ አለኝና በእውነት ጆሮዬን በሁለት እጄ ያዝኩ። ያለ ዘፈኑ ያየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ወንድሜ ሞቷል፣ እናቴ ደግሞ ታውቃለች።

ከኋላ አንዲት ሴት «ወይኔ!» አለች። ቀጥሎ ሌላዋ። አንዷም ለምን አለቀስሽ ብላ ጎረቤቷን አልጠየቀችም። የፓርቲው ጓድ ዞሮ ወደ ቲቸር አየ።

«ይሄ የድል ዘፈን አይደለም እንዴ? ሴትዮዋ ለምንድን ነው የሐዘን አለባበስ የለበሱት?»

ቲቸር ፊቱ አመድ መሰለ። «የአለባበስ ስህተት ነው፣ ጓድ» አለ።

እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሣች። «አዎ፣ ልጄ» አለችው ጓዱን፣ ረጋ ብላ። «ስህተት ነው።» በሴቶቹ መሀል አልፋ ወጣች።

ተከትያት ሮጥኩ። ባሕር ዛፎቹ ሥር ደርሼባት መሬት ላይ ቁጭ አልን። ሳጉሬ አንድ እግሩን አጥቶ የተመለሰ ልጅ እንዳለ ሰምታ ገብስ ልገዛ ነው ብላ በገበያ ቀን ሄዳ እንደ ነበር ነገረችኝ። ገብሱን አስታወስኩት፤ እንዲያውም ነቀዝ አለው ብዬ ተነጫንጬበት ነበር። ልጁ ከወንድሜ ጋር አንድ ጦር ውስጥ ነበር። አማርኛው ስለሚይዘው በኦሮምኛ «ሂን ጅሩ» አላት፤ የለም።

«እኔ እዚያ የጦር ክፍል ውስጥ የለም ያለኝ መሰለኝ» አለች። «ታዲያ የት ሄደ አልኩት። ልጁ አለቀሰ። ያኔ የቱን የለም እንደሚለኝ ገባኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማትሪክሽን እስክትወስጂ ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው። ደግሞስ በምን አፌ? መርዶ ነጋሪ አልመጣ፣ ወረቀት አልመጣ። ቀበሌ ወሬ ነው ይላሉ። ጥቁር ብለብስ ወሬ አስወሪ እባላለሁ። ለልጄ ሳላለቅስለት ስንዴ ስለቅም ከረምኩ።» ነጠላዋን ጭምቅ አድርጋ ያዘች። «ያንን የሰው ልጅ አቅፌ መጣልኝ ብዬ እልል እንድል ፈለጋችሁ። ሽኝቱን ሠራሁት፤ ሸኝቼዋለሁና። መመለሱን ግን አልቻልኩም፣ ልጄ። ቴአትር ከሆነ ደግሞ በቴአትር ላልቅስለት አልኩ።»

ሰሌዳ ላይ የጨመርኩት ሳጥን ትዝ አለኝ። ወንድሜ እውነተኛውን ሳጥን እንኳ አላገኘም፤ የተቀበረ እንደ ሆነም አናውቅም። አብረን ተቃቅፈን አለቀስን፣ ድምፃችንን ግን ዋጥ አድርገን፤ አዳራሹ ቅርብ ነበር።

ፊልሙን ማንም ሁለተኛ አላየውም። ካሜራ የሚይዘው ሰውዬ እዚያው ሳምንት ስለ ስንዴ ዋግ የገበሬ ትምህርት ቀዳበት። ቲቸር ወደ ጮሌ ወረዳ ተዛወረ፤ በዚያ ምክንያት ይሁን በሌላ አልነገሩንም። ሲሰናበተኝ ያለኝ «ማትሪክሽን ተፈተኚ» ብቻ ነው።

በበዓሉ ማግስት ጎህ ሲቀድ የሚመጣ ሰው አልጠበቅንም። መርዶ ሳይነገር፣ ድንኳን ሳይተከል ለቅሶ አይደረስም። በር ስከፍት ግን ሴቶች ከታችኛው መንገድ ይመጣሉ፤ የእናቴ የመጋዘን አለቃ፣ የሠፈራችን ሴቶች፣ ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው የሳቡ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን። ነጠላ የለበሱት ሁሉ ጥለቱን ወደ አንገታቸው አዙረውታል። የቀበሌው አብዮት ጥበቃ፣ ያው ልብሱን ያዋሰን፣ መንገዱ ላይ አስቆማቸው።

«ምን ሆናችሁ ነው? ማን ሞተ ተባለ?»

ከፊት ያለችው የመጋዘኑ አለቃ ነበረች። ቀና ብላ አየችው።

«ማንም አልሞተም» አለችው። «ቴአትር እየሠራን ነው።»

እሱም ወደ ነጠላዎቹ አየ፤ ቆቡን አውልቆ ከመንገዱ ገለል አለ። ሴቶቹ ገብተው መሬት ላይ ተቀመጡ። እናቴ ሳጉሬ ከሄደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የወንድሜን ስም ጠርታ፣ ጮክ ብላ አለቀሰች።