ጎደለ ያለችው ድምፅ

ብርነሽ በአሥራ አንድ ዓመቷ፣ ሞያሌ ላይ፣ በሰው ግቢ በተነጠፈ የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ሦስት ሳምንት ተኝታለች። ከእናቷ ጋር ወደ ናይሮቢ የሚሻገሩበት መኪና ሲጠብቁ መጀመሪያ ጉሮሮዋን አመማት። የግቢው ሴቶች እንጥሏ ወርዷል ብለው ጨው በነካ ጣት ሽቅብ ገፉላት፤ ተሻላትም። ጥቂት ቀን ሰንብቶ ግን ጉልበቷ አብጦ እንደ እሳት ጋለ። ጉልበቷ ሲሻላት ክርኗ፣ ክርኗ ሲሻላት ቁርጭምጭሚቷ ተነሳ። ሴቶቹ ምች ነው አሉና ዳማከሴ አሽተው ቀቧት። እናቷ ሽንት ቤት እንኳ የምትወስዳት አዝላ ነበር። አንድ ጠዋት ብርነሽ በእግሯ ቆመች። እናቷ ተንበርክካ አመሰገነች፣ በማግስቱ ከብት የጫነ መኪና ላይ ወጡ፣ ሕመሙም እዚያው ሞያሌ ቀረ ተባለ።

እናቷ ካረፈች በኋላ ያሳደጓት፣ ናይሮቢ ኢምባካሲ ሰፈር ከዕቃ መጋዘኖቹ አጠገብ ምግብ የሚሸጡት እትዬ እታገኘሁ ናቸው። ብርነሽ ቀን ድስት እያጠበች፣ በትርፍ ሰዓቷ እያጠናች፣ በሃያ ሦስት ዓመቷ ጤና ኮሌጅ ገባች። ሁለተኛው ዓመት ላይ ልብ የማዳመጥ ፈተና አለ። እሱን ያላለፈ ሆስፒታል ገብቶ በሽተኛ አያይም፤ ዓመቱን ይደግማል። ለብርነሽ ደግሞ መድገም ማለት ማቆም ነበር፤ ትምህርቷን የሚረዳት የቤተ ክርስቲያኗ ኅብረት ለወደቀ ተማሪ አይቀጥልም።

መምህርቷ ማዳም አቲየኖ ይባላሉ። ለተማሪዎቹ የሰጡት ሥራ አንድ ነበር፦ ሦስት ሳምንት ጤናማ ልብ ብቻ አዳምጡ፤ ጤናማውን በቃሉ ያወቀ ሰው በሽታውን መለየት አያቅተውም። ሌሎቹ እኅት ወንድሞቻቸውን አዳመጡ። ብርነሽ ግን እትዬ እታገኘሁን ደረትዎን ይክፈቱልኝ ማለት አፈረች። ስለዚህ በየቀኑ ከትምህርት ስትመለስ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ማዳመጫውን በገዛ ደረቷ ላይ አሳረፈች። ዱብ፣ ሽው፣ ዱብ። መጽሐፉ ሁለት ድምፅ ነው ይላል። መሃል ያለውን ሽውታ ደሙ ሲያልፍ ነው ብላ ለራሷ አስረዳች፤ በሦስተኛው ሳምንት ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ጠረጴዛ ላይ ትመታው ጀመር።

ፈተናው አንድ ሳምንት ሲቀረው ተማሪዎቹ እርስ በርስ እንዲደማመጡ ታዘዙ። ለብርነሽ የደረሰቻት ኪያ ነበረች፤ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች፣ ምላሷ አማርኛ ጀምሮ ሌላ ቋንቋ ላይ የሚጨርስ ልጅ። ብርነሽ አዳመጠች፣ ቦታ ቀየረች፣ ደግማ አዳመጠች። ማዳም ምን ሰማሽ ሲሏት የኪያ ልብ አንድ ድምፅ ጎድሎታል አለች።

ኪያ ከአልጋው ላይ ቀና አለች። «ሲሪየስሊ? እኔ ነኝ የጎደለኝ? ይሄ ማዳመጫሽ ሚቱምባ እንዳይሆን ብርነሽዬ።»

ሚቱምባ ልባሽ ጨርቅ ነው፤ የክፍሉ ልጆች ቃሉን ሲሰሙ ሳቁ። ማዳም ሌላ ተማሪ አስተኙላት። እሱንም ጎድሎታል አለች። ሦስተኛዋንም። ሰውን ሁሉ በገዛ ቁናዋ ሰፍራ ሁሉም ጎደለባት። አንዱ ልጅ እንግዲህ ክፍሉ በሙሉ ይታከም ሲል ሳቁ ግድግዳውን አናጋው፤ ብርነሽ ዓመቷ ሲያመልጣት እያየች ጆሮዋ ጋለ።

ማዳም አቲየኖ አልሳቁም። «ጤናማውን የተማርሽው ከማን ልብ ነው?» አሏት።

«ከራሴ።»

ማዳም የራሳቸውን ማዳመጫ በመዳፋቸው አሙቀው ከግራ ጡቷ በታች አሳረፉት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀስ ብለው ወደ ብብቷ ወሰዱት፣ መለሱት፣ እንደገና ወሰዱት። ሳቁ ከፊት ወንበር ጀምሮ እየጠፋ ሄደ። ብርነሽ የሴትዮዋን ፊት ታይ ነበርና ጉድለቱ የራሷ ልብ መሆኑ ማንም ሳይነግራት ገባት።

ከኪያ በቀር ሁሉም እንዲወጡ ከተደረገ በኋላ ማዳም በልጅነቷ ጉሮሮዋን ታምማ፣ ከዚያ መገጣጠሚያዋ አብጦ ያውቅ እንደሆነ ጠየቋት። ብርነሽ ሞያሌን ለማንም ነግራ አታውቅም። ሴትዮዋ ያን ጊዜ እዚያ ግቢ ቆመው ያዩዋት መሰላት። አዎ ብላ ራሷን ነቀነቀች። የሸሚዟን ቁልፍ መያዝ ቢያቅታት ኪያ ቆለፈችላት። ኪያም አንድ ቁልፍ አሳስታ ነበር፤ ብርነሽ ኢምባካሲ እስክትደርስ አላየችውም።

ምርመራው ተደረገ። የልጅነቱ ትኩሳት ከልቧ የደም በሮች አንዱን አቁስሎ ጠባሳ ትቶበት ኖሯል፤ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ ደም ወደ ኋላ ይመለሳል። ሽውታው እሱ ነው። ቀዶ ጥገና ለጊዜው አያስፈልግም፣ ትኩሳቱ እንዳይመለስ ግን በየአራት ሳምንቱ መርፌ ትወጋለች። ደረጃ ስትወጣ የሚያልባት ከስንፍና ሳይሆን ከልቧ የተነሳ ነበር። ብርነሽን ያስደነገጣት ግን ከበሽታው ይልቅ ሦስት ሳምንት ሙሉ በሽታዋን ጤና ብላ መሸምደዷ ነው።

እትዬ እታገኘሁ ነገሩን ሁሉ ሰሙ። ከዚያ ተነስተው በሩን ዘጉና የቀሚሳቸውን አንገት ፈቱ።

«እኔን ነው ያፈርሽው? ነይ፣ ስሚ።»

ሰማች። ዱብ፣ ዱብ። መሃሉ ባዶ ነበር። ማዳመጫው የተበላሸ መስሏት አውጥታ አየችው፣ መልሳ አሳረፈችው። ያው ነው። እዚያ ቦታ ላይ ያለው ዝምታ ጉድለት ሳይሆን ጤና መሆኑን የሰማችው ያን ዕለት ነው።

«ምን ይላል?»

«ምንም አይልም፣ እትዬ» አለችና አለቀሰች።

እስከ ፈተናው ድረስ የእሳቸውን ልብ አጠናች፣ ፈተናውንም አለፈች። ዛሬ ኢምባካሲ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ ታክማለች። ባለፈው ጊዜ የቤተ ክርስቲያኗ ወጣቶች በሕይወቷ ከሁሉ የበለጠ የረዳት ነገር ምን እንደነበር ጠየቋት። ፈተናውን ወይም መርፌውን ትላለች ብለው ጠብቀው ነበር።

«የማዳም ጥያቄ ነው» አለቻቸው። «ያን ሁሉ ሳቅ ሰምተው ተሳስተሻል ቢሉኝ ጆሮዬን ስወቅስ እኖር ነበር፤ ደረቴን የሚያይልኝ አልነበረም። ከማን ተማርሽው አሉኝ። እኔም በሽተኛ እንግዳ ነገር ሲያወራኝ፣ ከመሳቄ በፊት ያንኑ የማዳምን ጥያቄ እጠይቀዋለሁ።»