የደሃናው ነብርና የአረቄ ሽታ

ጥቅምት ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ነበር። ገብሱ ደርሷል። ማለዳ ማለዳ ሜዳው በአመዳይ ነጭ ሆኖ ይነጋል፤ ቀትር ላይ ደግሞ ፀሐዩ አናት ይበሳል። በእንዲህ ያለ ወቅት ነብር ፍየሉን እየተከተለ ከቆላው ሸለቆ ወደ ደጋው ይወጣል። ያን ዓመት በደሃና አንዲት መንደር ላይ የወጣው ግን ፍየል ብቻ አልበቃው አለ። ውሃ ልትቀዳ የወረደችን ሴት ትከሻዋን ቧጭሮ ጣላት። ውሾች ባይደርሱላት አብቅቶላት ነበር። የመንደሩ ሽማግሌዎች እኔ ወዳለሁበት ሰቆጣ ሰው ላኩ። «ነብሩ ሰው ለመደ፤ ድረስልን» ነው መልእክቱ።

ልጆቼ፣ እናንተ የምታውቁኝ ከሸበትኩ በኋላ ነው። ያኔ ጎልማሳ ነበርኩ፤ ሥራዬም አደን መምራት። ለአደን የሚመጡ የከተማ እንግዶችን ይዤ ወደ ተከዜ ቆላ እወርዳለሁ፣ ዱካ አገኝላቸዋለሁ፣ በደህና አስገባቸዋለሁ። ሥራውን ያስተማረኝ አጎቴ ነው። ወሬ የማይወድ፣ ኮስታራ ሰው ነበር። ደንቡ ይህ ነው፦ ከመነሳትህ በፊት ጠመንጃህን እይ፤ ከዚያ ነፋሱን፤ ከዚያ እግርህ ሥር ያለውን መሬት፤ ከዚያ ፊት ለፊትህን፤ ሩቁን መጨረሻ ላይ። ቅደም ተከተሉን ካዛባሁ እንደገና ከመጀመሪያው ያስጀምረኝ ነበር። እያደር ነገሩ ከእጄ ጋር ተዋሃደና ሳላስበው የማደርገው ሆነ።

መልእክቱ ሲደርሰኝ ግን ለአደን የሚሆን ሰው አልነበርኩም። ባለቤቴ ዓለሚቱ ሰኔ ላይ በወሊድ ከነጽንሷ ሞታብኝ ነበር። ምጧ መጥናቱን የሰማሁት ተከዜ ማዶ ሆኜ ነው። እየሮጥኩ ወንዙ ጋ ስደርስ ሞልቶ ዛፍ ይነቅላል። ጎድሎ እስኪያሻግረኝ ጠብቄ ቤቴ ስገባ ተቀብራ፣ ድንኳኑ ፈርሶ አገኘሁ። ከዚያ በኋላ ክረምቱን በሙሉ ጠጣሁ። አረቄ ነው የምላችሁ፤ ጠላ አይደለም። ጳጉሜ ላይ የነፍስ አባቴ መጡና ብዙ ሳይናገሩ «ልጄ፣ እሷን ቀብረናል፤ አንተን እንዳንደግም» አሉኝ። ያን ቀን ተውኩ።

መተው ስል ግን ቀላል አይምሰላችሁ። እንቅልፍ የለም፣ ሰውነቴ አንድ ቦታ መቀመጥ አይችልም። ቆሜ እበላለሁ፣ ተቀምጬ ወዲያው እነሳለሁ፣ በር እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ሰንብቶ አንድ ነገር አስተዋልኩ። አምሮቱ ዝም ብሎ አይመጣም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ሆዴ ባዶ ሲሆን፣ በገበያው በኩል ወደ ቤት ስገባ ነው የሚመጣው። አውሬም ሰዓትና መንገድ አለው አልኩ። መንገዴን በቤተ ክርስቲያኑ በኩል አዞርኩ፤ ከቤት ሳልወጣ በሶ በጥብጬ እጠጣለሁ። ሲብስብኝ ደግሞ ምንሽር ጠመንጃዬን አውርጄ እፈታለሁ፣ እወለውላለሁ፣ እገጥማለሁ። አጎቴ ያስለመደኝን ቅደም ተከተል ቤቴ ውስጥ እደግማለሁ። ጠመንጃ፣ ነፋስ፣ እግሬ ሥር። ያየኝ ሰው አብዷል ይለኝ ነበር።

ወደ ደሃና ሦስት ሆነን ወጣን። አንደኛው አያ ወልዱ ናቸው፤ አፋቸውን በኽምጣኛ የፈቱ፣ ዱካ በማንበብ የሚበልጣቸው ያላየሁ ሽማግሌ። ሁለተኛው ካሳ ነው፤ የዓለሚቱ ታናሽ ወንድም። ካልሄድኩ ብሎ የመጣው ለነብሩ ብሎ ይሁን እኔን ለማየት ያኔ አላወቅሁም። እህቱ በሞተችበት ቀን ባለመድረሴ ይቅር አላለኝም። በፊት «አያ ገብሬ» ነበር የሚለኝ፤ ከቀብሩ ወዲህ ስሜንም አይጠራም። ስለ ወንዙ ልነግረው ስሞክር «ተወው» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ስንቃችንን የጫነችውን አህያ እየነዳ ሙሉውን መንገድ ከኋላችን መጣ። በጉያው ግን ጠርሙስ ነበረው። ነፋሱ ከኋላ ሲመጣ ይሸተኛል።

መንደሩ ስንደርስ ነብሩ ትናንት ማታ የጣላትን ፍየል ከመንደሩ በታች ባለ ገደል አፋፍ አሳዩን፤ ግማሿን በልቶ ክትክታ ሥር ሸጉጧታል። አያ ወልዱ ተንበርክከው ዱካውን በጣታቸው ለኩ። «ወንድ ነው፤ አርጅቷል» አሉ። «የኋላ ግራ እግሩን ይጎትታል። እንዲህ ያለው ሚዳቋ ላይ አይደርስም፤ ለዚህ ነው ሰው ጋ የመጣው።» ማግስቱን ጎህ ሲቀድ ነፋሱ ከሸለቆው ወደ እኛ እንዲመጣ አድርገን ከቋጥኝ ጀርባ ተኛን። የምተኩሰው እኔ ነኝ ተባብለናል።

ጉሙ ሳይነሳ መጣ። መጀመሪያ ያየሁት ጅራቱን ነው። ቀስ ብሎ፣ እያነከሰ፣ በየእርምጃው እየቆመ። ወርቹ እስኪዞርልኝ እየጠበቅሁ ሳለሁ ካሳ ከጎኔ ተኮሰ። ነብሩ ተጠማዞ ዘለለና ገደሉ ሥር ወዳለው ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ጠፋ።

ወርደን አየን። ደሙ ጠቁሯል፤ ቅጠሉ ላይ ፈርስ ተቀላቅሎበታል። ሆዱን ነው የመታው። ከዚህ የከፋ የለም። ሆዱን የተመታ ነብር ቶሎ አይሞትም፣ ርቆም አይሄድም፤ ተኝቶ ይጠብቅሃል።

«እንቀመጥ» አልኩ። «ፀሐይዋ ከጋራው በላይ እስክትወጣ አንገባም። ቁስሉ ይቀዝቅዝ፣ ሰውነቱ ይደንዝዝ።»

ካሳ ጠመንጃውን እንዳቀባበለ ቆሟል፤ ዓይኑ ቀልቷል። «ሲያመልጠን ልትቀመጥ ነው?»

«አያመልጥም።»

«አንተ መቼም መቀመጥ ታውቃለህ» አለኝ። «እህቴ ስምህን ስትጠራም ተቀምጠህ ነበር።»

እንዲህ ነው ያለኝ። አያ ወልዱ በኽምጣኛ አንድ ነገር ተናገሩት፤ አልሰማቸውም። ጠርሙሱን አውጥቶ ተጎነጨና አፉን በእጁ ጀርባ ጠርጎ ወደ እኔ ዘረጋው። ደግነት አልነበረም፤ የክረምቱን ወሬዬን ሰምቷል። «እንካ፣ መድኃኒትህን» አለኝ።

ልጆቼ፣ ያን ጊዜ ሁለት ነገር ነበር የፈለግሁት። በሰደፍ ጥርሱን ማርገፍ፣ ወይም ጠርሙሱን ተቀብሎ እስከ መጨረሻው ጠብታ መጨለጥ። ሁለቱም ከአፍንጫዬ የቀረቡ ነበሩ። ጀርባዬን ለድንጋዩ ሰጥቼ ተቀመጥኩና ጥይቶቹን ከምንሽሬ አራገፍኩ። አንድ በአንድ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁ። መልሼ አጎረስኩ። ከመሬት አፈር ቆንጥሬ ለቀቅሁት፤ ወደ ግራ ሄደ። እግሬ ሥር ያለውን አየሁ፤ ደም የነካው ጠጠር፣ የጉንዳን መንገድ፣ የደረቀ የሚዳቋ በጠጥ። ፊት ለፊቴን አየሁ። ከዚያ ሩቁን። ስጨርስ አምሮቱም ንዴቱም አልሄዱም፤ ስለዚህ ደገምኩት። ካሳ መጀመሪያ ሳቀ፤ በኋላ ጠርሙሱን ወደ ጉያው መለሰ።

ፀሐይዋ ጋራውን ስታልፍ ተነሳን። አያ ወልዱ ገደሉ አፋፍ ላይ ሆነው ድንጋይ እየወረወሩ ከላይ እንዲያዩልን፣ እኔና ካሳ ደሙን ተከትለን ከታች እንድንገባ ተስማማን። «ከኋላዬ ሁን፤ ከእኔ ቀድመህ እንዳትራመድ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

ቁጥቋጦው ውስጥ ብርሃኑ ጭላንጭል ነው። እሾህ ልብስ ይይዛል፤ አንዱን ስታላቅቅ ሌላው ይይዝሃል። ደሙ ወደ ታች ይወርድና አንድ ትልቅ ቋጥኝ ዞሮ ይጠፋል። እዚያ ቆምኩ። እግሬ ሥር ሳይ የሚጎትተው እግር የጫረው መስመር ወደ ፊት መሄዱን ትቶ ወደ መጣንበት ተመልሷል። ዞሮ ከኋላችን ሆኗል ማለት ነው። «ካሳ፣ ወደ ቋጥኙ ተጠጋ» ብዬ ሳልጨርስ ጩኸቱን ሰማሁ። የነብር ጩኸት ከመጋዝ ድምፅ ጋር ይመሳሰላል፤ ሆድ ዕቃ ውስጥ ነው የሚሰማው።

ዞር ስል ካሳ በጀርባው ወድቋል፤ ነብሩ ላዩ ላይ ነው። ጉሮሮውን ሊይዘው ሲል ግራ ክንዱን አፉ ውስጥ ከቶለታል። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት።

«አያ!» ብሎ ጮኸ። «አያ ገብሬ!»

ከነበርኩበት ብተኩስ ጥይቱ ካሳንም ይዞ ይሄዳል፤ ተጠላልፈዋል። መሮጥም አይቻልም፤ መሬቱ ጠጠር ነው፣ ብወድቅ ሁላችንም አለቅን። እግሬ ሥር አየሁ። አንድ እርምጃ አስቀመጥኩ። ሌላ። ነብሩ ዓይኑን ወደ እኔ አነሳ፤ አፉን ግን አልፈታም። አፈሙዙን ከጆሮው ሥር አስጠግቼ ቃታ ሳብኩ።

ቀጭ አለ። ጥይቱ ከሸፈ።

ለዚህ ነው ይህን ሁሉ የምነግራችሁ። ያን ጊዜ ልቤ የለም፤ ጭንቅላቴም የለም። ሁለቱም ሸሽተው ሄደዋል። የቀረው እጄ ብቻ ነው። እጄ ዓይኔ ሳያዘው የከሸፈውን አወጣ፣ ሌላ አቀባበለ፣ እዚያው ቦታ አስጠጋ፣ ሳበ። ነብሩ ካሳ ደረት ላይ እንደ እርጥብ ስልቻ ዘፍ አለ።

አያ ወልዱ ከላይ እየተንሸራተቱ ሲደርሱ እኔ መንጋጋውን በካራ ፈልቅቄ ክንዱን እያወጣሁ ነበር። ሥጋው ተተልትሏል። የነብር ጥፍርና ጥርስ የበሰበሰ ሥጋ አለበት፤ ቶሎ ካልታጠበ ይመርዛል። አካባቢው ውሃ የለም። አያ ወልዱ አዩኝ፤ እኔም አየኋቸው። ካሳ ጉያ ገብቼ ጠርሙሱን አወጣሁ፤ ውድቀቱ አልሰበረውም። ቡሹን በጥርሴ ነቀልኩት።

«ጠርሙሱን እኔ ልያዘው?» አሉኝ ሽማግሌው፤ ገብቷቸዋል።

«ይተዉት፣ እርስዎ ክንዱን ይያዙልኝ» አልኳቸው።

ካሳ እየጮኸ ቁስሉን እስከ ውስጡ አጠብኩለት። ጠርሙሱን ቁስሉ ላይ አሟጠጥኩት። ክንዱን በነጠላዬ ጠቀለልኩት። የመንደሩ ሰው ቃሬዛ ሠራ፤ ጎበዛዝቱ እየተቀባበሉን ወደ ሰቆጣ ተመለስን።

የነብሩ ነገር ካለቀ በኋላ ፈተናው ያለቀ መስሎኝ ነበር። ለካ አላለቀም። ሽታው እጄ ላይ ቀርቷል። በአሸዋ ፈተግሁት፣ በቅጠል አሸሁት፣ ምንጭ ስናገኝ አጠብኩት፤ ላቤ ሲወጣ ተመልሶ ይሸተኛል። ከፍርሃት በኋላ ደግሞ ሰውነት እንዴት እንደሚዝል አታውቁም። ትንሽ፣ አንድ ጉንጭ ብቻ ይላል። የመሸከም ተራዬ ሲያልቅ እንኳ ትከሻዬን ከቃሬዛው ሥር አላወጣም አልኩ። የመንገዱን ዱካ እያነበብኩ ሄድኩ። ይህች አህያ ነች፣ ጭነቷ ወደ ቀኝ አዘንብሏል። ይህ በግ ነው። ይህ ሰው ቸኩሏል፣ ተረከዙ መሬት አልነካም። ሰቆጣ መግቢያ ላይ ክረምቱን ያሳለፍኩበት አረቄ ቤት አለ፤ ወደ ሐኪም ቤቱ ሌላ መንገድ የለም። ባለቤቲቱ ወሬውን ሰምታ መለኪያ ይዛ ወጣች።

«እንኳን ተረፋችሁ! ጠጣ እንጂ፤ ፊትህ የሬሳ መስሏል» አለችኝ። ክፋት የላትም።

«እጄ ሥራ ላይ ነው» አልኳትና አለፍኩ።

የሐኪም ቤቱ ቁስል አካሚ ድሬሰር የካሳን ቁስል አይቶ ማን እንዳጠበው ጠየቀ። «ይኼ ባይታጠብ ክንዱ ይቆረጥ ነበር» አለ። ሰፋው፣ በጣውላ አሰረው። ከሰዓት በኋላ ካሳ ነቃ፤ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ጣራውን ሲያይ ቆየና፣

«አያ» አለኝ፣ «የደበቅሁህ ነገር አለ።»

«ዕረፍ፤ በኋላ ትነግረኛለህ።»

«የለም። ዓለሚቱ ስምህን ስትጠራ እኔ ተናድጄ 'አይመጣም' አልኳት። እሷ ምን አለችኝ መሰለህ፣ 'ተከዜ ሞልቶበት ይሆናል፤ አትቆጡት' አለች። ይህን እንዳልነግርህ ያደረገኝ ንዴት ነው።»

እጄን ወደ ልማዴ ሰደድኩት። ምንሽሩ ግድግዳው ላይ ተደግፏል፤ ሳብ አድርጌ ጥይቱን ማራገፍ ጀመርኩ። ከዚያ ግን ተውኩት። መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ከሰኔ ጀምሮ ያልወጣልኝ ልቅሶ ያን ጊዜ ወጣ። በሰው ፊት፣ በቀን ብርሃን፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ካሳ በደኅናው እጁ ልብሴን ጨብጦ አብሮኝ አለቀሰ። ድሬሰሩ በሩን ዘግቶልን ወጣ።

ልምድ ሰውን ከብዙ ነገር ያወጣል። ልብ ሲሸሽ እጅን ቦታው ላይ ያቆያል፤ አምሮትንም ንዴትንም አሳልፎ ያሻግራል። ሐዘንን ግን አይቀብርልህም። እኔ በዚያ ክረምት በጠርሙስ ሸሸሁት፤ መስከረምን በጠመንጃ ውልወላ ሸሸሁት። ከአውሬው ፊት ስትቆም እጅህን እመነው። አውሬው ከወደቀ በኋላ ግን እጅህን ፈትተህ ማልቀስ አለብህ፤ ያለዚያ ዕድሜህን ሙሉ ቁጥቋጦ ውስጥ እንደገባህ ትኖራለህ። አምሮቱ አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣል፤ አልዋሻችሁም። እረፍት ግን አገኘሁ። መቀመጥ ቻልኩ።

የካሳ ክንድ ዳነ እንጂ አልተዘረጋም፤ እርፍ አይጨብጥም። በዚያ ዓመት በልግ የእሱን ማሳ እኔ አረስኩ። እሱ ከፊት በሬዎቹን ይመራል፣ እኔ ከኋላ እርፉን ይዣለሁ። ትልሙ ጫፍ ላይ ስንደርስ ዞር ብሎ ያየኝና፣ «ጠማማ ነው፣ አያ፤ ድገመው» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ አራሽ ሆኜ አላውቅም። እየሳቀብኝ እደግመዋለሁ።